በጥቅምት ወደ ኬንታኪ የቡርቦን አገር በመኪና ልንሄድ ነው፤ እቅዳችንን እዩልን

የኮሎምበሱ ናቲ

ሰላም ለቤቱ። በኦክቶበር አጋማሽ ወደ ኬንታኪ ለመሄድ እየተዘጋጀን ነው። ስድስት ነን። አራታችን ከኮሎምበስ ነን፣ ሁለቱ የአክስቴ ልጆች ደግሞ ከዲሲ ይመጣሉ። ከአራታችን አንዱ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ አጎቴ ናቸው። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ከስኮትላንዱ ውስኪ (ስኮች) ከብላክ ሌብል ሌላ ውስኪ አይነኩም፤ የአሜሪካው ውስኪ ቡርቦን ምን እንደሆነ በቦታው ላሳያቸው ብዬ ነው ነገሩ የተጀመረው።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ዓርብ ከሥራ በኋላ በአይ 71 ወርደን ሉዊቪል እናድራለን። ከዚያ የውስኪ ፋብሪካዎቹን እንጎበኛለን፤ ቅዳሜ ጠዋት ጂም ቢም፣ ከዚያ ሄቨን ሂል፣ ከዚያ ሜከርስ ማርክ፣ ከሰዓት ዋይልድ ተርኪና ፎር ሮዝስ። እሑድ በፋሎ ትሬስንና ዉድፎርድ ሪዘርቭን አይተን ማታ ቤታችን። ሁለት መኪና ይዘን ነው የምንሄደው። ካርታው ላይ ሁሉም ቅርብ ለቅርብ ይመስላሉ። የምታውቁት እስቲ ምከሩን፤ የትኛው እንዳያመልጠን? የት ብናድር ይሻላል? ቀድሞ ቦታ መያዝስ ግድ ነው?

ሉዊቪል ነዋሪ

ናቲ፣ እንኳን ወደ ሰፈራችን በደህና መጣችሁ። ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ሙቀቱ በርዷል፣ ቅጠሉ ቀልቷል፣ ፋብሪካዎቹም ሥራ ላይ ናቸው። ጁላይና ኦገስት ላይ ብዙዎቹ ለጥገና ለሳምንታት ማምረት ስለሚያቆሙ ጉብኝቱ ባይቀርም የሚፈላ ነገር አታዩም ነበር።

ቅዳሜህን ግን እንደገና አስብበት። አምስት ፋብሪካ በአንድ ቀን አይሆንም። አንዱ ጉብኝት ብቻውን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከዚያ ሱቁ አለ፣ ፎቶው አለ፣ ምሳ አለ። መንገዱም ካርታው ላይ እንደምታየው አይደለም፤ ከሃይዌይ ከወጣህ በኋላ ጠባብና ጠመዝማዛ የገጠር መንገድ ነው፣ አንድ ትራክተር ፊትህ ከገባ ደግሞ በቃ የሱን ፍጥነት ነው የምትከተለው። ከሉዊቪል ባርድስታውን 40 ማይል ያህል ነው። ሜከርስ ማርክ ያለበት ሎሬቶ ከባርድስታውን ሌላ ግማሽ ሰዓት ነው። ዋይልድ ተርኪና ፎር ሮዝስ ደግሞ ሎረንስበርግ ናቸው፣ በሌላ አቅጣጫ።

አገሩን በሦስት ክፈለው። ሉዊቪል መሃል ከተማ ያሉት በእግር የሚዳረሱ ናቸው። የባርድስታውን ወገን አለ፤ ሄቨን ሂልና ሜከርስ ማርክ እዚያ ይገባሉ። ከዚያ በፍራንክፎርት፣ በሎረንስበርግና በቨርሴልስ ዙሪያ ያሉት አሉ። ለእያንዳንዱ አንድ ቀን ስጡት። በቀን ሁለት ፋብሪካ፣ ቢበዛ ሦስት። ከዚያ በላይ ምላስም አይለይም፣ ጆሮም አይሰማም።

ቦታ መያዝ ግድ ነው። ኦክቶበር ቅዳሜ ላይ ዝም ብሎ ሄዶ መግባት አይታሰብም። እሑድና ሰኞ ደግሞ አንዳንዶቹ ይዘጋሉ ወይም ሰዓታቸው ያጥራል። ቢቻላችሁ ሐሙስ ግቡ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ የሚነዳው ማነው? ከፋብሪካው ምርጫ በፊት እሱን ወስኑ። ሁለት መኪና ማለት ሁለት የማይቀምስ ሰው ማለት ነው።

የኮሎምበሱ ናቲ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሐሙስ መግባት እንችላለን። ስለ ሹፌሩ፣ የዲሲዋ የአክስቴ ልጅ ጽጌን ትጾማለች። የፈቃድ ጾም ነው ቢባልም እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አስታጉላ አታውቅም፣ በጾም መጠጥም አትነካም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው እኔ እነዳለሁ ብላለች። እንግዲያው ሁለቱን መኪና ትተን ሰባት ሰው የሚይዝ አንድ ብንከራይስ?

ሐና ከሌክሲንግተን

አንድ መኪና ጥሩ ነው። ግን ናቲዬ፣ ልጅቷን ለሙሉ ጉዞው ሹፌር አታድርጓት። እሷም እኮ ከዲሲ ድረስ የመጣችው ልትዝናና ነው። ለአንድ ቀን እንኳ ሹፌር ያለው ቫን ተከራዩ። ከሉዊቪልም፣ ከባርድስታውንም፣ ከሌክሲንግተንም የሚነሱ አሉ፤ ለስድስት ሲካፈል አይከብድም። በተለይ የባርድስታውኑን ቀን በቫን አድርጉት፤ መንገዱ የሚያስቸግረው እዚያ ነው። ኡበር እመጣለሁ ብላችሁ ደግሞ አትተማመኑ። ወደ ገጠር የሚወስዳችሁ ታገኛላችሁ፣ የሚመልሳችሁ ግን አይገኝም። ስልክም አንዳንድ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ የለውም፣ ካርታችሁን ቀድማችሁ አውርዱ።

የጾሙን ምግብ አስቡበት። የኬንታኪ ገጠር ምግብ ዶሮ ጥብስ፣ ባርቢኪውና ቅቤ ነው። የጾም ነው ብለሽ ያዘዝሽው ባቄላ እንኳ ብዙ ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ጋር የተቀቀለ ነው፤ ጠይቃችሁ እዘዙ። ሉዊቪል የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ ሐሙስ ማታ በያይነቱ ብሉና ለማግሥቱ የሚሆን እንጀራ አስጠቅልላችሁ ያዙ። ዳቦ ቆሎና ቆሎ መኪና ውስጥ አይጥፋ፤ ለቀማሾቹም ይጠቅማል። ባዶ ሆድ ውስኪ መቅመስ ለማንም አይመከርም።

ሩቅ መንገደኛ

እኔ በዚያ መስመር ጭነት እመላለሳለሁ። ሐና ያለችውን ላጠናክር። ኬንታኪ ላይ ለሹፌር የደም አልኮል ገደቡ 0.08 በመቶ ነው፤ ግን ከዚያ በታች ነኝ ብላችሁ አትከራከሩ፣ የቀመሰ ሰው መሪ አይያዝ። ቅምሻ ትንሽ ትመስላለች፤ አንዱ ቦታ ላይ ግን አራት ዓይነት ይቀርብላችኋል፣ አልኮሉ 40 በመቶና ከዚያ በላይ ነው፣ አንዳንዱም 60 ያልፋል።

ለእኛ ሰው ጣጣው ከቅጣትም በላይ ነው። ጠጥቶ በመንዳት የተያዘ ሰው የዜግነት ማመልከቻው ላይ ስለ እስሩ ይጠየቃል። ቪዛ ላይ ያለ ሰው ቪዛው ሊሰረዝበት ይችላል። አጎትህ በጉብኝት ቪዛ ነው ያሉት አይደል? እንግዲህ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪናውን ላዙረው እንዳይሉ። የምትገዙት ጠርሙስም እንደታሸገ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ይግባ። የተከፈተ ጠርሙስ ሰው በሚቀመጥበት ክፍል መያዝ ክልክል ነው።

የአርሲ ነገሌ ልጅ

ይህን ውይይት ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ያደግሁት አርሲ ነገሌ ነው። እዚያ አረቄ የብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ እናቴም እኛን ያሳደገችው አረቄ እያወጣች ነው። ኬንታኪ አንዱ ፋብሪካ በር ላይ ከመኪና ስወርድ መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። ድፍድፍ የትም አገር ድፍድፍ ነው! አስጎብኚዋ ከሳይፕረስ እንጨት የተሠራ ትልቅ ገንዳ አፋፍ ላይ አቆመችን። ቢጫው ድፍድፍ ከታች ወደ ላይ እየተገለባበጠ፣ አረፋው እየፈነዳ ይፈላል። ሁለተኛ ቀኑ ነው አይደል አልኳት። አዎ ብላ ፊቴን አየችኝ።

ሥራውን ስታዩት ሁሉንም ታውቁታላችሁ። ቡርቦን ለመባል ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት። ከዚያ ራይ የሚባለው እህል ወይም ስንዴ ይገባበታል፣ ከዚያ የገብስ ብቅል። ብቅሉ የሚሠራው እናቶቻችን ጋ የሚሠራውን ነው፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። ጌሾ የላቸውም። እርሾውን ለብቻው ያራባሉ፣ ዘሩንም ለብዙ ዓመት ጠብቀው ያቆያሉ። ፎር ሮዝስ አምስት ዓይነት እርሾና ሁለት ዓይነት የእህል ድብልቅ ይዞ አሥር የተለያየ ውስኪ ያወጣል። ካለፈው ድፍድፍ ወጥቶለት የቀረውን ጎምዛዛ ውሃ በአዲሱ ላይ ይጨምሩበታል። አንዴ የወጣውን መልሰው ያወጡታል፤ የእኛ ዳግም ማለት ነው። አተላውን ደግሞ ከብት አርቢ ይወስደዋል። አርሲ ነገሌም በሬው የሚደልበው በአረቄ አተላ ነው።

የሚለያየው በርሜሉ ላይ ነው። የእኛ በወጣ በማግሥቱ ይጠጣል። የእነሱ እንደ ውሃ ጠርቶ ይወጣና ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ ይተኛል። 200 ሊትር ገደማ ይይዛል በርሜሉ። ቀለሙን ሁሉ የሚያገኘው ከእንጨቱ ነው፣ ቡርቦን ላይ ቀለም መጨመር በሕግ ክልክል ነው። በርሜል ውስጥ ያልገባውን ጥሬውን የሚያቀምሱ ቦታዎች አሉ። እንዳገኛችሁ ለአጎትህ አቅምስልኝ ናቲ። በአንድ ጉንጭ ያውቁታል።

ስለ እናቶቻችን ግን አንድ ነገር ልበል። እዚያ ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው ስሙ ጠርሙስ ላይ ይጻፋል። ጂሚ ረስል የተባሉ ሰው በ1954 ዋይልድ ተርኪ ገብተው ዕድሜያቸውን እዚያው አሳልፈዋል፤ ሰው እሳቸውን ለማየት አገር አቋርጦ ይመጣል። እናቴ በአፍንጫዋ ብቻ የመጀመሪያውን ከመጨረሻው ለይታ፣ ጭሱ ዓይኗን እየለበለባት ያንኑ ጥበብ ስትሠራ አረቄ ሻጭ ነው የተባለችው። ቤታችሁ አረቄ ያወጣች እናት ካለች ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩላት። እኔ ለእናቴ ልኬላት ስለ እርሾው የጠየቀችኝን ጥያቄ አስጎብኚዋም አልመለሰችውም።

የኮሎምበሱ ናቲ

ወንድሜ፣ ይህን ለአጎቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደብረ ብርሃን ነው ያደጉት፣ አረቄን በደንብ ያውቃሉ። “እንግዲያው ስኮቹስ ከምን ይወጣል?” ብለው ጠየቁ። ማን ይመልስልኛል?

ሉዊቪል ነዋሪ

ስኮች ከገብስ ብቅል ይወጣል፤ እንደ ብላክ ሌብል ያለው ድብልቅ ላይ ደግሞ ከሌላ እህል የወጣም ይገባበታል። ለአጎትህ ይህን ንገራቸው፤ የቡርቦን በርሜል አዲስ መሆን ስላለበት ፋብሪካዎቹ አንድ ጊዜ ከተጠቀሙበት በኋላ ይሸጡታል፣ ከዚያ ውስጥ ብዙው የሚሄደው ስኮትላንድ ነው። ስኮች ከሚተኛባቸው በርሜሎች አብዛኛዎቹ ቀድሞ ቡርቦን የነበረባቸው ናቸው። እሳቸው እስከ ዛሬ የኬንታኪን በርሜል ሲቀምሱ ነው የኖሩት።

ስለዚህ ዉድፎርድ ሪዘርቭ እንዳይቀርባቸው። የድንጋይ ቤቶቹ የድሮ ናቸው፣ ውስጥ ደግሞ ከስኮትላንድ የመጡ ትልልቅ የመዳብ ማውጫዎች ቆመዋል። እዚያ የሚያዩት ስኮትላንድ ሄደው የሚያዩትን ነው። መንገዱም የፈረስ ማርቢያ መሃል ለመሃል ነው፣ ነጭና ጥቁር አጥር፣ አረንጓዴ ሜዳ። ሜከርስ ማርክ ጋ ደግሞ በራይ ፈንታ ስንዴ ስለሚገባበት ለጀማሪ ለስለስ ይላል። ጠርሙስ ገዝተው አንገቱን ራሳቸው ቀዩ ሰም ውስጥ ይነክሩታል። ለስጦታ ከዚያ የተሻለ የለም።

መጋዘኖቹን ስታዩ ግድግዳውን አስተውሉ። ግድግዳው ብቻ ሳይሆን የዛፉ ግንድ፣ የመንገዱ ምልክት ሳይቀር ጥቁር ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። እሳት ነክቶት አይደለም። በየዓመቱ ከበርሜሉ የሚተነው አልኮል የሚመግበው ሻጋታ ነው። የአካባቢው ሰው ቤቱም መኪናውም ይጠቁርበታል፣ በዚህ የተነሳ ፍርድ ቤት የሄደም አለ። ግዛቱ ውስጥ ከ14 ሚሊዮን በላይ በርሜል ተኝቷል፤ የሕዝቡ ቁጥር 4 ሚሊዮን ተኩል ነው።

እሳት ካልን፣ ባርድስታውን ሄቨን ሂል ጋ ስለ ኖቬምበር 1996 ጠይቁ። ሰባት መጋዘን ከ90 ሺህ በርሜል ጋር በአንድ ቀን ተቃጥሎባቸው ነበር። ዛሬም ታሪኩን የሚነግሯችሁ ሰዎች አሉ።

ማርያማዊት

እኔ አልጠጣም፣ በመጠጥ የተጎዳ ሰው ቤታችን ውስጥ ስላለ ርዕሱ ይከብደኛል። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ግን ለማትጠጣዋ የአክስት ልጅ ሲሉ ከውስኪ ሌላም ነገር እቅዱ ውስጥ ያስገቡ።

ሐና ከሌክሲንግተን

ማርያማዊት፣ እግዜር ይርዳችሁ እህቴ። ያልሽው ትክክል ነው፣ አገሩ ላይ የሚታይ ሞልቷል።

ከሁሉ በላይ ጌተሰማኒ ገዳምን ነው የምለው። ከባርድስታውን ወደ ደቡብ ትንሽ ነድታችሁ ነው፣ ከሜከርስ ማርክ መንገድም አይርቅም። በ1848 የተመሠረተ የካቶሊክ መነኮሳት ገዳም ነው። በቀን ሰባት ጊዜ ይጸልያሉ፤ እንግዳ ገብቶ ኋላ ተቀምጦ መስማት ይችላል። ግቢው ጸጥ ያለ ነው። መነኮሳቱ በእጃቸው የሚሠሩትን ኬክና ፈጅ የሚባለውን ጣፋጭ ሸጠው ነው የሚተዳደሩት። ቡርቦን የሚገባበትና ወተት ያለበት ስለሆነ ለጿሚዋ አይሆንም፤ ቦታው ግን ለእሷ ነው።

ሉዊቪል ውስጥ የሙሐመድ አሊ ማዕከል አለ፣ ለእሱ ብቻ ግማሽ ቀን ብትሰጡት አይቆጫችሁም። አብርሃም ሊንከን የተወለደበት ሆጀንቪል ከባርድስታውን ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ኦክቶበር ላይ ደግሞ እኛ ሌክሲንግተን ኪንላንድ የፈረስ እሽቅድምድም አለ።

ውስኪ የማይጠጣ ሰው ጉብኝቱ ላይ መግባት ይችላል፣ ሥራው በራሱ ያጠግባል። ልጆችን ከወላጅ ጋር የሚያስገቡም ብዙ ናቸው፤ ቅምሻው ላይ ግን ከ21 በታች አይነካም። መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ፣ አጎትህም ፓስፖርታቸውን።

ቴኔሲያዊው

ጊዜ ከተረፋችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። ከሉዊቪል ናሽቪል በአይ 65 175 ማይል ገደማ ነው፣ ሰዓታችሁም መንገድ ላይ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከናሽቪል ሊንችበርግ ደግሞ ሰዓት ተኩል። ጃክ ዳንኤል እዚያ ነው። ከከሰል ጋር የሚያያዝ ሥራ አላቸው፤ ውስኪው በርሜል ከመግባቱ በፊት ከሜፕል እንጨት በተሠራ ከሰል ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ያልፋል። ካውንቲው ዛሬም በሕግ ደረቅ ከሚባሉት፣ የመጠጥ ሽያጭ ከተከለከለባቸው ነው፣ ጠርሙስ የምትገዙት እዚያው ፋብሪካው ግቢ ነው።

እኔ ግን እንድትሄዱ የምፈልገው ለኒረስት ግሪን ነው። በባርነት የኖረ ጥቁር ባለሙያ ነበር፣ ጃክ ዳንኤልን ውስኪ ማውጣት ያስተማረው እሱ ነው። ከነፃነት በኋላም የጃክ የመጀመሪያው ዋና ውስኪ አውጪ ሆኖ ሠራ። ዘሮቹ እዚያ ሥራ ላይ ትውልድ በትውልድ ቆይተዋል። ይህ ታሪክ በሰፊው የተነገረው ከ2016 ወዲህ ነው። በ2017 በስሙ የወጣ ውስኪ አለ፣ ሸልቢቪል ደግሞ ፋብሪካ ተከፍቶለታል። ከመሄዳችሁ በፊት የጉብኝት ሰዓቱን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። የአርሲ ነገሌው ልጅ ስለ እናቱ ያለውን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ ይህ ሰው ነው።

የኮሎምበሱ ናቲ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቴኔሲን ለሌላ ጊዜ አቆየነው፣ የኒረስት ግሪንን ታሪክ ግን ለቤተሰቡ ሁሉ አጋርቻለሁ። አዲሱ እቅድ ይኸው።

ሐሙስ ጠዋት ተነስተን ምሳ ሰዓት ሉዊቪል። ከሰዓት አሊ ማዕከል፣ ከዚያ በእግር ሜን ስትሪት ላይ ኦልድ ፎረስተር። በርሜል ሲሠሩና ውስጡን በእሳት ሲለበልቡ እዚያው እንደሚያሳዩ አየሁ። ማታ የሐበሻ ምግብ ቤት። ዓርብ በቫን ሄቨን ሂል፣ ሜከርስ ማርክና ገዳሙ። ቅዳሜ በራሳችን መኪና በፋሎ ትሬስና ዉድፎርድ፣ የአክስቴ ልጅ ትነዳለች። ሌክሲንግተን አድረን እሑድ በሲንሲናቲ በኩል ወደ ቤት።

የቀረኝ ጥያቄ፣ አጎቴ ወደ አዲስ አበባ ስንት ጠርሙስ ይዘው መብረር ይችላሉ?

ሩቅ መንገደኛ

ከአሜሪካ ሲወጡ ከ24 እስከ 70 በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ነው፣ ፋብሪካው እንዳሸገው ሆኖ። ከ70 በመቶ በላይ የሆነ ጨርሶ አይፈቀድም፤ ከበርሜል ቀጥታ የሚታሸጉት ውስጥ እዚያ የሚደርሱ ስላሉ ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ቦሌ ላይ ያለው የጉምሩክ ደንብ ሌላ ነው፣ ከመብረራቸው በፊት ይጠየቅ። በልብስ ጠቅልላችሁ ሻንጣው መሃል አድርጉት።

ሉዊቪል ነዋሪ

አሁን እቅድ ሆነ። መጀመሪያ በፋሎ ትሬስን ያዝ፤ ጉብኝቱ በነፃ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ኤፕሪል 2025 የኬንታኪ ወንዝ ሞልቶ ግቢያቸውን አጥለቅልቆት ስለነበር የትኛው ጉብኝት የቱን ክፍል እንደሚያሳይ እዚያው አንብብ። የምትፈልጉት ጠርሙስ ካለ ሱቁ በጠዋት ይሻላል፣ ተፈላጊው ሁልጊዜ አይኖርም፣ ለአንድ ሰው የሚሸጡትም ውስን ነው። ዉድፎርድን ከሰዓት አድርገው፣ በመሃል ምሳ ብሉ።

ዓርብ ሄቨን ሂልን መጀመሪያ፣ ሜከርስ ማርክን ከምሳ በኋላ። ገዳሙ መጨረሻ ይሁን፣ የማታውን ጸሎት እንድትደርሱበት። ለቫኑ ሹፌር ይህን ቀድመህ ንገረው፤ አብዛኞቹ ገዳሙን ከመደበኛ መስመራቸው ውጭ ነው የሚቆጥሩት፣ ተጨማሪ ሰዓት ሊያስከፍሉህ ይችላሉ።

የኮሎምበሱ ናቲ

በፋሎ ትሬስን አሁኑኑ ያዝኩ፣ ቅዳሜ ጠዋት 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ አቆጣጠር። ዉድፎርድ 2 ሰዓት ተኩል ከሰዓት ቦታ አለ፣ እሱንም ልይዝ ነው። የቫኑን ሰው ነገ ደውዬ ስለ ገዳሙ እጠይቀዋለሁ።